የመቅደላው ዘውድና ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ

የቀደሙ ሰዎችን ታሪክ ማወቅ ለወጣት ስንቅ ነው። ይሁን እንጂ ስማቸውን በየቀኑ እየጠራን ታሪካቸውን ሳንጠይቅ የምናልፋቸው ብዙዎች ናቸው። በቂርቆስና በካዛንቺስ ላደግን ልጆች ከእነዚህ አንዷ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ናቸው። ዘመድ ሲታመምብን ዘውዲቱ ተኝቷል እንላለን፤ ታክሲ ስንሳፈር ዘውዲቱ ጋ አውርደኝ እንላለን፤ ከመካከላችንም በዚያ ሆስፒታል የተወለድን ጥቂቶች አይደለንም። የስሙ ባለቤት ማን እንደ ነበሩ ግን ብንጠየቅ የምኒልክ ልጅ ከማለት አልፎ የሚናገር ምናልባት ጥቂት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በእሑድ ውይይታችን ላይ የቀረበ አንድ ጥያቄ ነው። ከወንድሞቻችን አንዱ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ የዐፄ ቴዎድሮስን ዘውድ ለኢትዮጵያ በስጦታ አበረከቱ የሚል ነገር አንብቦ ኖሮ፣ የተወሰደበትን ዕቃ መልሶ ያገኘ ሰው ስጦታ ተቀበለ ይባላልን? ሲል ጠየቀን። ግማሾቻችን ሳቅን፤ ግማሾቻችን ተከራከርን፤ ሰዓቱ አልቆ ሳንስማማ ተለያየን። በኋላ ነገሩን ስመረምር ያ ዘውድ የተሰጠው ለንግሥት ዘውዲቱ መሆኑን ተረዳሁ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ የእርሳቸው ሕይወትና የመቅደላ ታሪክ ከልደታቸው በፊት ጀምሮ የተሳሰረ መሆኑ ነው። ስለዚህ የንግሥቲቱን ሕይወት ስንከተል የዘውዱን ታሪክ፣ የዘውዱን ታሪክ ስንከተል የጥያቄውን መልስ እናገኛለን።

ልደትና ልጅነት

ዘውዲቱ ሚያዝያ 22 ቀን 1868 ዓ.ም. በወሎ ወረኢሉ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ምኒልክ ሲሆኑ እናታቸው የወሎ መኳንንት ወገን የሆኑት ወይዘሮ አብቺ ናቸው። የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። እናትና አባታቸው የተለያዩት እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ስለ ነበረ በአባታቸው ቤት አደጉ። ምኒልክም ይህችን ልጅ እጅግ ይወዱ እንደ ነበር ይነገራል።

ከወረኢሉ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በዚያው በወሎ ምድር የመቅደላ አምባ ይገኛል። ምኒልክ ይህን አምባ በደንብ ያውቁታል። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው ልጁን ምኒልክን ማርከው ወሰዷቸው። በመቅደላም አሥር ዓመት ያህል በግዞት ኖሩ። እውነቱን ለመናገር ቴዎድሮስ ምኒልክን እንደ እስረኛ ብቻ አላዩአቸውም፤ እንደ ልጅ አስተምረው ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽን ድረውላቸዋል። ቢሆንም የሰው ልጅ ነጻነቱን ይሻልና ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ወደ ሸዋ ገቡ። የዘውዱ ባለቤት ቴዎድሮስ ማለት እንግዲህ የዘውዲቱን አባት አሥር ዓመት ያሰሩ ንጉሥ ናቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመቅደላ መጨረሻ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት የወዳጅነት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ስለ ቀረ ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝም በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13 ሺህ ያህል ወታደር በዙላ በኩል አስገባች። የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉት፣ ጦሩን አሳለፉት። ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለጠላት እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች በተለይ የሚያሳዝን ነው። ወታደሩ የንጉሡን ግምጃ ቤት ብቻ ሳይሆን የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ጭምር ዘረፈ። ታቦት፣ መስቀል፣ ጽዋ፣ በብራና የተጻፉ መጻሕፍት፣ አልባሳትና ዘውዶች ተወሰዱ። የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከወረደ በኋላ በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ ከአንድ ወታደር ላይ አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አይገባንም። ይህ የወርቅ ዘውድ ሦስት እርከን ያለው፣ የሐዋርያትና የወንጌላውያን ሥዕል የተቀረጸበት ሲሆን በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ለጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የተሠራ ነው ተብሎ ይታመናል። ወደ መቅደላ ያመጡት ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያጠፉ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት አጓጉዘው ነበርና። ስለዚህ ዘውዱ ሁለት ጊዜ ተወስዷል ማለት ነው። የውጭ ሰውን ስንወቅስ የራሳችንንም ጥፋት ባንረሳ ነገራችን የታመነ ይሆናል።

ሁለት የቴዎድሮስ ዘውዶች ለንደን ገቡ፤ አንደኛው ያ የወርቁ፣ ሁለተኛው በወርቅ የተለበጠ የብር ዘውድ ነው። በእንግሊዝ አገርም ዝርፊያውን የነቀፉ ሰዎች አልጠፉም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በ1863 ዓ.ም. በምክር ቤታቸው ፊት ዘውዱና ጽዋው መወሰዳቸው እንዳሳዘናቸው፣ እስኪመለሱም ድረስ በአደራ መቀመጥ እንዳለባቸው ተናግረው ነበር። ሆኖም ዕቃው ወደ ሙዚየም ገብቶ በመስተዋት ውስጥ ተቀመጠ፤ አደራውም ተረሳ።

በመጀመሪያ መልሱልን ያሉት ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። በ1864 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥትና ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጻፉ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን ሳይመለስ ቀረ። የናፒየርን ጦር አሳልፈው የነበሩት ሰው የተወሰደውን ለመጠየቅም የመጀመሪያው መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

ዘውዲቱም ከእኚሁ ንጉሥ ቤት ጋር ተዛመዱ። ምኒልክና ዮሐንስ ሲታረቁ ዘውዲቱ ገና ልጅ ሳሉ ለዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። በዚያ ዘመን የመሳፍንት ልጆች ጋብቻ የመንግሥት ውል ስለ ነበረ ፈቃዳቸውን የሚጠይቅ አልነበረም። ራስ አርአያ በ1880 ዓ.ም. ሲሞቱ ሁለቱ ነገሥታት ተቀያይመው የነበረ ቢሆንም ዮሐንስ ምራታቸውን በክብር፣ ብዙ ከብት ሰጥተው ወደ አባታቸው ሰደዷቸው። ኋላም ዘውዲቱ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ፤ ይህም ጋብቻ በፍቅር የጸና ነበር።

ወደ መንበር

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ አልጋው ለልጅ ልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ተላለፈ። በኢያሱ ጊዜ ዘውዲቱ ከአዲስ አበባ ርቀው እንዲኖሩ ተደረገ። በመስቀል በዓል መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና አቡነ ማቴዎስ ተሰብስበው ኢያሱን ሽረው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ መኰንንን አልጋ ወራሽ አደረጉ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ቢዘምቱም ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ። ዘውዲቱም የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአራዳ ጊዮርጊስ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ።

ይህ ሹመት ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ራስ ጉግሣ በቤተ መንግሥቱ ኃይል ያገኛሉ ብለው የሠጉ መኳንንት ዘውዲቱ ከባላቸው እንዲለዩ አደረጉ፤ ጉግሣም በጌምድርን እንዲገዙ ወደዚያ ተሰደዱ። ንግሥቲቱ ዘውዱን ሲቀበሉ ትዳራቸውን አጡ። ከአብራካቸው የተወለደ አልጋ ወራሽም አልነበራቸውም። ዘውድ ራስን ያስጌጣል፤ ልብን ግን እንደማያሞቅ በእርሳቸው ሕይወት እናያለን።

ሥልጣኑም የተከፈለ ነበር። የጦሩ ነገር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የውጭው ጉዳይና አዲሱ አስተዳደር በአልጋ ወራሹ እጅ ነበር። ንግሥቲቱ ጾምና ጸሎት የሚያዘወትሩ፣ የአባታቸውን ሥርዓት መለወጥ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ከሥራቸው ሁሉ ዛሬም በዓይናችን የምናየው ለአባታቸው መታሰቢያ ያሠሩት የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከካዛንቺስ ሽቅብ በእግር ስንወጣ ብዙም ሳንደክም የምንደርስበት ነው። በዘመናቸውም ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በእስክንድርያው መንበር ጵጵስና ተሾሙ። ከእነርሱም አንዱ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስቶች ጥይት የተሠዉት አቡነ ጴጥሮስ ናቸው።

የዘውዱ መመለስ

አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. ብዙ መኳንንት አስከትለው ወደ አውሮፓ ጉዞ ጀመሩ። ኢየሩሳሌምንና ግብጽን ጎብኝተው፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምንና ሮምን አይተው በሐምሌ ለንደን ገቡ። በመንግሥታት ዘንድ እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ባዶ እጁንም አይሸኝም። እንግሊዞች ለኢትዮጵያ እንግዳ የሚስማማ ምን ስጦታ አለን ብለው ሲያስቡ በሙዚየማቸው ያሉት የቴዎድሮስ ዘውዶች ትዝ አሏቸው። ከሁለቱ ግን ዋጋው የላቀውን የወርቁን አስቀርተው በወርቅ የተለበጠውን የብር ዘውድ መረጡ። በንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ስም ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ስጦታ ሆኖ ተበረከተ። ዘውዱ ከመቅደላ ከወጣ 56 ዓመት ሆኖት ነበር።

እስቲ የዘውዱን መንገድ እናስብ። የምኒልክ አሳሪ የነበሩት ንጉሥ ዘውድ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ የተቀበለችው የምኒልክ ልጅ ናት፤ ያውም የናፒየርን ጦር ላሳለፉት ለዮሐንስ ምራት የነበረች ናት። ሦስቱ ነገሥታት እርስ በርሳቸው ተዋግተውና ተጠራጥረው አልፈዋል። ዘውዱ ሲመለስ ግን የቴዎድሮስ ወገን ወይም የምኒልክ ወገን ብሎ አልተመለሰም፤ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ቂም ቢያዝ ኖሮ ዘውዲቱ የአባቴ አሳሪ ዘውድ ምን ያደርግልኛል ብለው በመለሱት ነበር። አልመለሱትም፤ የአገር ዕቃ ነውና ተቀበሉ።

የሰጪውን ነገር ስናይ ግን ስጦታው ምን ያህል ወዳጅነትን እንደሚገልጥ እንጠራጠራለን። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ ለመሥራት ትፈልግ ነበር። ታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ደብዳቤ ተለዋውጣ፣ ኢጣልያ በጣናው ጉዳይ እንድትደግፋት፣ እርሷም በኢትዮጵያ ምድር ኢጣልያ ልትዘረጋው ያሰበችውን የባቡር ሐዲድ እንድትደግፍ ተስማሙ። ባለአገሯ ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ሲሰማ በ1918 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለ። ዘውድ የሰጠ እጅ ብዙ ሳይቆይ በውኃችንና በመሬታችን ላይ ተዋዋለ። ስጦታ የተቀበለ ሰው ዓይኑን መጨፈን እንደማይገባው ከዚህ እንማራለን።

የመጨረሻው ዘመን

ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ የንግሥቲቱ ድጋፎች አንድ በአንድ ወደቁ። በዚያ ዓመት አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተከታትለው ዐረፉ። ሥልጣኑ ወደ አልጋ ወራሹ አደላ፤ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። ይህን ያልወደዱት ራስ ጉግሣ በበጌምድር ጦር አስነሡ። ንግሥቲቱ አንድ በኩል መንግሥታቸው፣ በሌላ በኩል የተለዩአቸው ባላቸው ሆኑባቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ በተደረገው ጦርነት አውሮፕላን በሰማይ፣ ጦር በምድር ገጥሞ ራስ ጉግሣ ተገደሉ። ንግሥት ዘውዲቱም በዐቢይ ጾም ታመው ቆይተው ነበርና ሁለት ቀን ብቻ ቆይተው መጋቢት 24 ቀን በ53 ዓመታቸው ዐረፉ። አባታቸውን ባሳረፉበት በበዓታ ተቀበሩ። ንጉሥ ተፈሪም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የመቅደላ ነገር ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ አዲስ አበባን ሲጎበኙ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ፤ ይህም በስጦታ መልክ የቀረበ ነበር። የወርቁ ዘውድ ግን ዛሬም ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። መቅደላ 150 ዓመት ሲሞላው በ2010 ዓ.ም. ሙዚየሙ ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ለመስጠት እንደሚችል አስታወቀ። በፊት ስጦታ የተባለው አሁን ውሰት ተባለ ማለት ነው።

በሌላ በኩል የሚያስደስት ታሪክ አለ። በሆላንድ አገር በሮተርዳም የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ በቤቱ ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ የ18ኛው መቶ ዘመን ዘውድ አገኘ። የጨለቆት ሥላሴ ዘውድ ነበር። ዘውዱ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፣ ከዚህ አይወጣም ብሎ ለ21 ዓመት ደብቆ ጠበቀው፤ ቢሸጠው የሚያተርፈውን ገንዘብ አልተመኘም። የሚታመን ጊዜ መጣ ብሎ ሲያስብ ለባለሥልጣኖች አሳወቀ፤ የካቲት 2012 ዓ.ም. ዘውዱ ወደ አገሩ ገባ። ይህ ሰው ስጦታ ሰጠሁ አላለም፤ አደራ መለሰ እንጂ።

እኛስ?

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። የወንጌሉን ዘኬዎስን እናስታውስ። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ከሀብቱ ግማሹን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የቀማውን ግን አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናገረ። ሁለቱን አልቀላቀለም፤ ለድሆች የሰጠው ስጦታ ነው፣ ለተበደሉት የመለሰው ዕዳ ነው። በለንደን የሆነው ከዚህ የተለየ ነው፤ ከሁለት አንዱ፣ ያውም የሚያንሰው ተመለሰ፣ ስሙም ስጦታ ተባለ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ዘውዲቱ ዘውዱን መቀበላቸው ትክክል ነው፤ የቀረው እንዲመለስ መጠየቃችንም ትክክል ነው። አንዱን አመስግኖ መቀበል ሌላውን ከመጠየቅ አያግድም።

ነገር ግን ጣታችንን ወደ ለንደን ብቻ መቀሰር ቀላል ነው። በየደብሩ ያለው ቅርስ በመዝገብ ተመዝግቧልን? ሲጠፋስ የሚያውቅ አለን? ከዚህ ከራሳችን ቤተ መጻሕፍት በውሰት ወጥተው ዓመት ያለፋቸው መጻሕፍት የሉምን? አንዳንዶቻችን ስንመልስ ስጦታ እንደ ሰጠ ሰው ምስጋና እንጠብቃለን። መጽሐፍ ከዘውድ ያንሳል፤ አደራነቱ ግን አንድ ነው።

ሰፈራችን ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጠላት ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. ብዙው ክፍል ፈርሶ አብረውን ያደጉ ጓደኞቻችን ወደ ሌላ አካባቢ ሄደዋል። ቤት ሲፈርስ ስም ይቀራል፤ ስሙን የሚያስረዳ ከሌለ ግን ስምም ባዶ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ከእንግዲህ ዘውዲቱ ጋ አውርደኝ ስንል ትዳራቸውን ለመንበር የሰጡትን፣ የአባታቸውን አሳሪ ዘውድ ያለ ቂም የተቀበሉትን ንግሥት እናስብ። በእጃችን ያለውንም የሰው ዕቃ ለባለቤቱ እንመልስ፤ ስሙንም ስጦታ አንበለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።